የባሕር ዳሯ ወረቀት

ምርጫ ሲቃረብ ከሁሉ ቀድሞ የሚደርሰው ወሬው ነው። ታክሲ ውስጥ፣ ፀጉር ቤት፣ ለቅሶ ቤት ድንኳን ሥር፣ «እነ እገሌ ከእነ እገሌ ጋር ሊጣመሩ ነው»፣ «እንትና ፓርቲ ለሁለት ተሰነጠቀ አሉ»፣ «ማኅተሙ በማን እጅ ነው?» ይባላል። አበሻ ሆኖ የፓርቲ ወሬ የማይወድ ካለ እስቲ እጁን ያውጣ። እኔ በበኩሌ እወዳለሁ። ማኪያቶዬ እስኪቀዘቅዝ ጆሮዬን የማውስበት ጊዜ ብዙ ነው። ታዲያ በእነዚያ ሁሉ ዓመታትና በእነዚያ ሁሉ ማኪያቶዎች መካከል አንድም ሰው «ለመሆኑ ለክልሉ ምክር ቤት የቀረበው ዕጩ ማነው?» ብሎ ሲጠይቅ ሰምቼ አላውቅም። ይህን የምለው እኔ የተሻልኩ ሆኜ አይደለም። እንዲያውም ዛሬ የማጫውታችሁ የራሴን ጥፋት ነው።

ነገሩ የሆነው ግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም. ነው። ያኔ ሰሜን ሸዋ ውስጥ፣ ከደብረ ብርሃን ብዙም በማትርቅ አንዲት የገጠር ከተማ መምህር ነበርኩ። አክስቴ የምትኖረው እዚያው አጠገብ ነው። ሁላችንም «እቴቴ» ነው የምንላት። ባሏ ከሞተ ሰንብቷል። ልጆቿ ተበትነዋል። ያላት ሀብት አንዲት በሬ የማያሳርፍ ማሳ ሲሆን፣ እሷንም ጎረቤቷ የእኩል ያርስላታል። በምርጫው ዕለት ሌሊት ተነስታ፣ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ዱላዋን ይዛ ደጄን አንኳኳች። ቀድመን የደረስን መስሎን ነበር። ምን ልበላችሁ፣ ሰልፉ ከትምህርት ቤቱ አጥር አልፎ ገበያው መሐል ገብቷል። አሮጊቱ፣ ጎረምሳው፣ አራስ ሳይቀር ተሰልፏል። የዚያን ዕለት ሰልፍ ያየ ሰው፣ ኢትዮጵያዊ ስለ ምርጫ ደንታ የለውም ሲባል አይሰማም።

ሰልፉ ላይ ቆመን ሳለ እቴቴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች።

«አንተዬ፣ ሁለት ወረቀት ነው አሉ የሚሰጡን። ለምን ሁለት ሆነ?»

«አንዷ ለአዲስ አበባው ፓርላማ ናት፣ እቴቴ። ሌላዋ ለክልሉ ምክር ቤት፣ ለባሕር ዳሩ።»

«ባሕር ዳር ደግሞ ምን አለኝ?»

አልፈረድኩባትም። እኛ ካለንበት ተነስቶ ባሕር ዳር ለመግባት ብዙው ሰው መጀመሪያ አዲስ አበባ ይወርዳል፤ ከዚያ አውቶብስ ይይዛል፤ ከዚያ ዓባይን ይሻገራል። እቴቴ ጣናን በሥዕል እንጂ በዓይኗ አላየችም። ይልቅ የሚፈረድብኝ እኔ ነኝ። የማስተምረው ምን መሰላችሁ? ሥነ ዜጋ! «የክልል ምክር ቤቶችን ሥልጣንና ተግባር ዘርዝር» የሚል ጥያቄ አውጥቼ አምስት ማርክ እሰጥበታለሁ። አንቀጽ 52ን ከነንዑስ አንቀጹ ጥቁር ሰሌዳ ላይ የገለበጥኩ ሰውዬ ነኝ። እና ለገዛ አክስቴ ምን አልኳት?

«ተይው እቴቴ፣ ያው ነው። መጀመሪያዋ ላይ ያደረግሺውን ሁለተኛዋም ላይ ድገሚው።»

ደገመችው። የትኛውን ምልክት እንደመረጠች አልጠየቅኋትም፤ እሷም አልነገረችኝም። ንቧንም መርጣ ይሆናል፤ ሁለት ጣቱንም መርጣ ይሆናል። ለዛሬው ጨዋታችን ለውጥ የለውም። ጥፋቱ «ድገሚው» ያልኩት ላይ ነው።

ለነገሩ በዚያ ሰሞን ስለ ክልል ምክር ቤት ማን አንስቶ ያውቃል? በቴሌቪዥን የታየው ክርክር፣ በራዲዮ የተሰማው ሙግት፣ ሚያዝያ 29 ኢሕአዴግ፣ በማግስቱ ሚያዝያ 30 ደግሞ ቅንጅት መስቀል አደባባይን የሞሉበት ሰልፍ፣ ሁሉም ስለ አንድ ትልቅ ወንበር ነበር። አሰብ ትመለስ አትመለስ፣ አንቀጽ 39 ይኑር ይሰረዝ፣ መሬት ይሸጥ አይሸጥ ተባለ። ትልልቅ ጥያቄዎች ናቸው፤ አልናቅኋቸውም። ነገር ግን መሬት አይሸጥም ቢባል እንኳ ከዚያ በኋላ ሺህ ጥያቄ ይቀራል። ባል ሲሞት ማሳው የማን ነው? ባለይዞታዋ አቅም አጥታ ከተማ ልጇ ዘንድ ብትገባ መሬቱ ምን ይሆናል? ለስንት ዓመት ማከራየት ይቻላል? ለጥያቄዎቹ ጥቅሉን ማዕቀፍ አዲስ አበባ ያወጣዋል፤ ዝርዝሩን ግን የምትወስነው «ያው ነው፣ ድገሚው» ያልኩላት የባሕር ዳሯ ወረቀት ነበረች።

ከምርጫው በኋላ የሆነውን ታውቁታላችሁ። በሰኔ 1997 እና በጥቅምት 1998 ደም ፈሰሰ። አዲስ አበባ ላይ ቅንጅት ከ138ቱ የከተማው ምክር ቤት ወንበሮች 137ቱን አሸንፎ ከተማዋን ሳይረከብ ቀረ። «ፓርላማ ይግቡ፣ አይግቡ» የሚለው ሙግት ባልና ሚስት አኳረፈ። በአማራ ክልል ምክር ቤትም ከ294ቱ ወንበሮች ተቃዋሚዎች ያሸነፉት ከመቶ በላይ ነበር። እነዚያ መቶ ምናምን ወንበሮች ምን ሆኑ? እኔ ቡናዬን በምጠጣበት ቤት ይህን ጥያቄ ያነሳ አልነበረም። እኔም አላነሳሁም።

ዓመት ሳይሞላ ግን ያ ምክር ቤት ሥራውን ሠራ። በ1998 ዓ.ም. የክልሉን የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ፣ ቁጥር 133ን አወጣ። ስለ ይዞታ ደብተሩ፣ ስለ ውርሱ፣ ስለ ኪራዩ፣ መሬቱን ስለሚያጣው ሰው ሁሉ በዚያ ተጻፈ። አዋጁ መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም፤ የሚስትንም ስም ከባል ጎን በደብተሩ ላይ ማስፈሩ ስንቷን ሴት ከሜዳ እንዳዳናት እኔም አይቻለሁ። የእኔ ነገር ሌላ ነው። ያ ሁሉ ሲወሰን የክልሉ ሰው፣ ከገበሬው እስከ ሥነ ዜጋ መምህሩ፣ ወሬያችን ሌላ ቦታ ነበር።

ጥቂት ዓመታት ቆይቶ እቴቴን ዓይኗን ታመመች። ደብረ ብርሃን ልጇ ዘንድ ገባች፤ ማሳውን እንደ ድሮው ጎረቤቷ የእኩል ያርሳል። ታዲያ አንድ ቀን «አካባቢውን ለቃለች፤ ከእርሻም ወጥታለች» የሚል ጥቆማ ቀረበባት። ጠቋሚው ማን እንደሆነ ገምቱ ብላችሁ መሬቷን ከሚያዋስኑት ሰዎች አታልፉም። መሬት ጉዳይ የሚታይበት ቢሮ አብሬያት ሄድኩ። የተቀመጥንበት አግዳሚ፣ ባለጉዳዩ በደረቱ አቅፎት የመጣው ደብተር፣ የሚጠራው ስም፣ «ነገ ተመለሱ» የሚለው ድምፅ አሁንም ትዝ ይለኛል። ተራችን ሲደርስ ወጣቱ ሠራተኛ በትሕትና ነው ያስረዳን። ክፉ ልጅ አልነበረም።

«እናቴ፣ እኔ የፈጠርኩት ነገር የለም። ሕጉ ነው የሚለው። ባሕር ዳር የወጣ ሕግ ነው።»

እቴቴ ፊቷን ወደ እኔ መለሰች። ዓይኗ እንደልብ አያይም፤ ግን አየችኝ።

«ያቺ ያኔ ‹ድገሚያት› ያልከኝ ወረቀት ናት?»

መልስ አልነበረኝም። ለወራት ተመላልሰን፣ የቀበሌ ሽማግሌ ምስክር ቆጥረን፣ ለሕክምና መሄዷን አስረድተን መሬቷ ተረፈላት። እኔ ግን ከዚያ አግዳሚ ላይ የተነሳሁት ሌላ ሰው ሆኜ ነው።

አሁን ወደ ፓርቲዎቻችን ልምጣ።

ፓርቲዎቻችን፣ ገዥውም ተቃዋሚውም፣ የክልል ምርጫን እንደ ምርቃት ነው የሚያዩት። ዕቃ ስትገዙ ነጋዴው ጣል የሚያደርግላችሁን ዓይነት። ዋናው ዕጣ አራት ኪሎ ነው፤ ክልሉ ከዚያ ጋር አብሮ የሚመጣ ነው። የቅስቀሳ ወረቀታቸውን አገላብጣችሁ እዩት። የአንዱን ክልል ስም አጥፍታችሁ የሌላውን ብትጽፉበት የሚጎረብጥ ዓረፍተ ነገር አታገኙም። «የመሠረተ ልማት ተጠቃሚነትን እናረጋግጣለን»፣ «ለወጣቱ የሥራ ዕድል እንፈጥራለን»፣ «መልካም አስተዳደርን እናሰፍናለን።» በየት? በምን ገንዘብ? ከየትኛው ወረዳ ጀምራችሁ? ይህ አይጻፍም። ገዥው ፓርቲ የፌዴራሉን ዕቅድ ለክልሉ ይገለብጥለታል፤ ተቃዋሚው ደግሞ በፌዴራሉ መንግሥት ላይ ያለውን ክስ ይገለብጥለታል። ግልባጭ ከግልባጭ ይወዳደራል።

ይኸው ግልባጭ የሚባለው ምክር ቤት ግን ምን እንደሚሠራ ልብ በሉ። የልጃችሁ መምህር ደመወዝ የሚከፈለው ከክልሉ በጀት ነው። ጤና ጣቢያው መድኃኒት ኖረውም አልኖረውም መጀመሪያ የሚጠየቀው ክልሉና ሥሩ ያለው ወረዳ ነው። የክልል ፖሊስ፣ የክልል ፍርድ ቤት ዳኛ ሹመት፣ ልጆች በየትኛው ቋንቋ ይማሩ የሚለው፣ የክልሉ የሥራ ቋንቋ፣ የገበሬው የመሬት መጠቀሚያ ክፍያ፣ የትንሹ ነጋዴ ግብር፣ በግል ድርጅት ከሚሠራ ሰው ደመወዝ ላይ የሚቆረጠው ግብር ሁሉ ሕገ መንግሥቱ ለክልል የሰጠው ነው። ከፌዴራል መንግሥት የሚመጣው ድጎማም ቢሆን ለየወረዳው የሚከፋፈለው በክልሉ ቀመር ነው። የእናንተ ወረዳ ለምን ያነሰ ደረሰው ብላችሁ የምትጠይቁት ባሕር ዳርን፣ ሐዋሳን፣ ሰመራን ነው እንጂ አራት ኪሎን ብቻ አይደለም።

«የክልል ምርጫ ምን ያመጣል?» የሚል ካለ ደግሞ ሩቅ አይሂድ። ትግራይ ጳጉሜን 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የክልል ምርጫ አካሂዳ ነበር። ሕወሓት፣ ባይቶና፣ ሳልሳይ ወያነ፣ የትግራይ ነፃነት ፓርቲና አሲምባ ተወዳደሩ። የፌዴሬሽን ምክር ቤት ምርጫው ሕገ መንግሥቱን የጣሰ ነው አለ፤ መቀሌ ደግሞ ጠቅላላ ምርጫውን ያራዘማችሁት እናንተ ናችሁ አለች። ሁለት ወር ሳይሞላ ጦርነት ሆነ። የጦርነቱ ምክንያት ምርጫው ብቻ ነው አልልም፤ ብዙ የቆየ ቂም ነበር። ነገር ግን ያንን ያህል ሰው ያለቀበት ጠብ ከመነሻዎቹ አንዱ የክልል ምክር ቤት ምርጫ መሆኑን ረስተን «ትንሹ ምርጫ» ማለት አንችልም።

ይህን ለአንድ ወዳጄ ሳጫውተው ሳቀብኝ። «አንተ ደግሞ ታዝናናለህ» አለኝ። «የክልል ምክር ቤት ማለት እጅ ለማውጣት የሚሰበሰብ ጉባኤ ነው። ፓርቲው ከላይ ይወስናል፤ እነሱ ያጨበጭባሉ። ማን ገባ ማን ወጣ ምን ለውጥ አለው?»

እውነት አለው። በ2002 ዓ.ም. በመላ አገሪቱ ከነበሩት 1,904 የክልል ምክር ቤት ወንበሮች ገዥው ግንባርና አጋሮቹ ያልያዙት አንዱን ብቻ ነበር። አንድ! እንዲህ ያለ ቤት ውስጥ «የለም፣ ይህ አንቀጽ ይስተካከል» የሚል ድምፅ ከየት ይመጣል? ያ ሁሉ ወንበር በአንድ እጅ የገባው ደግሞ መራጩ ሰነፍ ስለሆነ ብቻ አይደለም። ከ1997 በኋላ ሜዳው እየጠበበ መሄዱን፣ በ2001 ዓ.ም. የወጡት የበጎ አድራጎት ማኅበራትና የፀረ ሽብርተኝነት አዋጆች ስንቱን አፍ እንዳዘጉ የማይክድ ሰው ያውቀዋል። በ2007 ዓ.ም. ለተወካዮች ምክር ቤት 547ቱም ወንበሮች ለገዥው ግንባርና ለአጋሮቹ ሲሆኑ፣ የተገረመ ሰው አላየሁም።

ግን ወዳጄ ያልመለሰልኝ ጥያቄ አለ። እጅ ከማውጣት በቀር ምንም የማይሠራ ሰው ወደ ምክር ቤት የሚሄደው ስንልከው ምንም ስላልጠየቅነው ጭምር አይደለም ወይ? «ድገሚው» ብሎ የላከ ሰው፣ «ድገሙት» ተብሎ የሚደግም ተወካይ ቢያገኝ በማን ይፈርዳል?

ሁለተኛ መልስ የሚያስፈልገው ከዚህ ይከብዳል። ሐምሌ 2015 መጨረሻ ላይ በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ ከዚያ ወዲህ በስንት ወረዳ ጠመንጃ ሲጮኽ፣ ትምህርት ቤት ሲዘጋ አየን። ሰው እየተቀበረ ስለ ወረቀት ማውራት ቅንጦት አይሆንም? ይህን ጥያቄ ከልቤ እቀበለዋለሁ። የሬሳ ሳጥን ፊት ቆሜ ስለ ምርጫ ሣጥን ልስበክ አልችልም። ግን እንዲህም አስባለሁ፤ ሰው ባሕር ዳር ያለው ምክር ቤት የእኔ ነው፣ እዚያ የሚናገርልኝ ሰው አለ ብሎ ቢያምን ኖሮ፣ ስንቱ ነገር ወደ ጫካ ከመውጣቱ በፊት በአዳራሽ ጭቅጭቅ ያልቅ ነበር? ቁጥር የለኝም። ያለኝ የአንዲት አሮጊት ጥያቄ ነው።

እሷን ካነሳሁ ልጨርስ። በ2013 ዓ.ም. ሰኔ 14 ከሚደረገው ምርጫ ቀደም ብዬ ደብረ ብርሃን ሄድኩ። ከተማው የቅስቀሳ ወረቀት ለብሷል። የብልጽግና ምልክት አምፖል ነው፤ ያን ዕለት ማታ ደግሞ መብራት ጠፍቶ ነበርና የእቴቴ የልጅ ልጅ በሻማ ብርሃን አምፖሉን እያሳየ አሳቀን። ቡና ፈልቶ፣ ወሬው ደርቶ ሳለ፣ ሁሉም እንደ ልማዱ ስለ አዲስ አበባው ያወራል። እቴቴ ከአልጋዋ ላይ ሆና ዝም ብላ ስትሰማ ቆየችና ጠራችኝ።

«እስቲ የባሕር ዳሯን አንብብልኝ።»

ተለጥፎ ካየሁት የዕጩዎች ዝርዝር ላይ ገልብጬ የያዝኩት ወረቀት ኪሴ ነበር። አወጣሁት። ለክልል ምክር ቤት የቀረቡትን ከነፓርቲያቸው አንድ በአንድ አነበብኩላት። በእያንዳንዱ ስም ላይ ታስቆመኛለች።

«ይሄኛው የማን አገር ሰው ነው?»

«እንጃ።»

«ስለ መሬቱ ምን ይላል?»

«አልሰማሁም።»

«ያቺኛዋስ ሴቲቱ? ስለ ጤና ጣቢያው ተናግራለች?»

ቤቱ ውስጥ ያሉትን ጠየቅኩ። አንዱ አስተማሪ ነው፤ አንዷ ነርስ ናት፤ አንዱ ባለ ሱቅ ነው። ሦስቱም የሚኖሩት ክልሉ በሚያወጣው ደመወዝ ወይም በሚጥለው ግብር ሥር ነው። የፓርቲዎቹን መሪዎች ከነአያቶቻቸው ያውቃሉ፤ ማን ከማን ጋር እንደተጣላ፣ ማን የት አገር እንደተማረ ይተነትናሉ። ከዝርዝሩ ላይ ግን አንድ ሰው እንኳ የሚያውቅ ጠፋ። ስልክ ደወልን። የደወልንላቸውም አላወቁም። በኋላ አንድ ሰው የአንደኛውን ዕጩ ስም ሰምቶ «እሱ እኮ ጎበዝ ልጅ ነው፤ ከእኔ ጋር ተምሯል» አለን። ስለ መሬትና ስለ ጤና ጣቢያ ምን እንደሚያስብ ግን እሱም አልጠየቀውም።

ምርጫ በየአምስት ዓመቱ ይመጣል ይባላል፤ አንዳንዴ ይዘገያል፣ ግን ይመጣል። በመጣ ቁጥር ለቅስቀሳ ደጃችሁን ለሚያንኳኳ ሰው፣ የየትኛውም ፓርቲ ይሁን፣ ቡና አፍሉለትና ሦስት ነገር ብቻ ጠይቁት። ባለፈው ምክር ቤት ከወጡት አዋጆች የትኛውን ትለውጣለህ? ለእኛ ወረዳ የመጣው በጀት ስንት ነበር? ፓርቲህ ከላይ «እጅህን አውጣ» ቢልህና ነገሩ እኛን የሚጎዳ ቢሆን ምን ታደርጋለህ? ሦስተኛውን ሲሰማ ቡናው ትን ካለው ውሃ ስጡት፤ ግን መልሱን ሳይናገር አትሸኙት።

ያን ማታ ዝርዝሩን አጥፌ ለእቴቴ «አላውቅም፣ አንዱንም አላውቅም» ስላት ትንሽ ዝም አለች። ከዚያ ሳቅ አለች።

«አይ አንተ። ያኔም እኮ አታውቅም ነበር። ዛሬ ደግሞ አመንክ።»